በርኮቶ ላይ የተቀመጠው ካርቡራቶር

የዚያን ዕለት ጠዋት፣ ያልተነሣ ሞተር ዳስሼ «ቀዝቃዛ ነው» ብዬ ፈረድኩ።

ስህተቴ ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ የእሱ ልጅና የልጅ ልጅ ነው። ከኮልቾ ገደል ሥር፣ ኦሞ ዳር፣ ጀልባችን ታስራ ቆማለች። ሲስተር ማርታ የክትባቱን የበረዶ ሣጥን እንደታቀፈች፣ ካርቡራቶሩ ሥር አዲስ የገጠምኩትን ወፍራም አልሙኒየም ጎንበስ ብላ አየችና «ጋሼ፣ ይኼ ነገር አይግልም?» አለችኝ። እኔም መዳፌን ሙሉ ለጥፌበት «ነይ ንኪው እስቲ፤ እንደ ጂንካ ማለዳ ነው» አልኳት። ነካችው። እውነትም ቀዝቃዛ ነበር። ለምን አይቀዘቅዝ? ሞተሩ ከተነሣ ቀናት አልፈውታል። ያልተጣደ ድስት ነክቶ «አያቃጥልም» ብሎ የሚመሰክር ሰው አይታችሁ የማታውቁ ከሆነ፣ ይኸው ተዋወቁ።

ሲስተር ማርታ የአሪ ልጅ ናት፤ ጂንካ ተወልዳ ጂንካ ያደገች፣ ቁጥብ፣ የሰው ቃል የምታምን። ምስክርነቴን አምና ተሳፈረች። ሣጥኑ ውስጥ ያለው የኩፍኝ ክትባት ነው። ከወንዙ ማዶ ባሉት መንደሮች ኩፍኝ ገብቶ ልጆች መውደቅ ጀምረዋል፤ እናቶቹ በዚያን ዕለት ልጆቻቸውን ይዘው፣ ከካራዎች መንደር ከዱስ ፊት ለፊት ካለው ዳርቻ እንዲጠብቁ ቃል ተልኮላቸዋል። በረዶው ከጂንካ ተነሥቶ፣ በቱርሚ አድርጎ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ከእኛ ጋር ሲንገጫገጭ የመጣ ነው። ሲስተር በጠዋት ክዳኑን ገርበብ አድርጋ አየችና፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ ቢቆይልን ነው፣ እሱ ካለቀ መድኃኒቱም ከወንዙ ውሃ አይሻልም አለችን። ከዚያ በኋላ ሣጥኑን ከእቅፏ አላወረደችም።

አሁን «አንተ ደግሞ ማን ስለሆንክ ነው የጀልባ ሞተር የምትነካው?» ትሉኛላችሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በጊዜው ግን ማንም አልጠየቀኝም። እኔ የመኪና መካኒክ ነኝ። ዕድሜዬን የጨረስኩት ትራክተርና የጭነት መኪና ሥር በጀርባዬ ተኝቼ ነው። ውሃ ከተባለ የማውቀው የጂንካን ወንዝ ነሪን ነው፤ ነሪን ደግሞ በበጋ ሱሪ ጠቅልሎ መሻገር ይቻላል። ዘመኑ ሁሉም ነገር በስብሰባ ተጀምሮ በስብሰባ የሚያልቅበት ዘመን ነበር። ታዲያ አንድ ቀን ያቺ ጀልባ በጭነት መኪና ጀርባ ተጭና ጂንካ ገባች። ከተማው መካከል ካለው የአውሮፕላን ሜዳ ዳር ስትቆም፣ ሣር የሚግጡት ላሞች ሳይቀሩ ቀና ብለው አይዋት። ከጎኔ የቆመ አንድ ሽማግሌ፣ ክንፏን የት ጥላ ነው የመጣች ብሎ ጠየቀኝ። እኔም በሙሉ ልብ፣ ክንፏ በሌላ መኪና ይመጣል አልኩት።

ዕርዳታ ናት ተባለ። ሞተሯን የሚያህል ሞተር በአገሩ አልታየም፤ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ ካርቡራቶሩ ባለ ሁለት ጉሮሮ። ቤንዚን በኩፖን ለሚቀበል አገር የሚሆን ጉሮሮ አልነበረም። ስብሰባ ተጠራና «የጀልባ ሞተር የሚያውቅ ጓድ አለ?» ሲባል እጄን አወጣሁ። ለምን አወጣህ አትበሉኝ። ከፊቴ የተቀመጠው ሰውዬ እጁን ሊያወጣ ሲል አየሁና እንዳይቀድመኝ ብዬ ነው። በኋላ ስጠይቀው ለካ ጆሮውን ሊያክ ኖሯል።

ጀልባዋ መውረድ እንጂ መውጣት አትወድም። ኦሞ ሞልቶ ሽቅብ ስትሄድ፣ ዳር ዳሩን የምትግጥ ፍየል ትቀድማት ነበር። ጓድ ኃላፊያችን «የጀልባዋን ጉልበት ማሳደግ» ብለው በዕቅድ ያዙት፤ ዕቅዱን ደግሞ እኔ ላይ ጣሉት። እኔም አንድ ምስጢር ነበረኝ። ሞተሩን ሊገጥም መጥቶ የነበረው ፈረንጅ ከመሄዱ በፊት፣ በጥቂት አማርኛና በብዙ እጅ፣ አንድ ነገር አስረድቶኛል። በካርቡራቶሩና ካርቡራቶሩ በሚቀመጥበት ብረት መካከል ስፔሰር የሚባል ጠፍጣፋ ነገር ይገባል፤ ካርቡራቶሩ አንድ ጣት ያህል ከፍ ይላል፤ አየሩና ቤንዚኑ ሲሊንደር ከመግባታቸው በፊት ደኅና አድርገው የሚተዋወቁበት ደጅ ያገኛሉ፤ ሞተሩም ይበረታል። ቀዳዳው እንዴት እንደሚሆንና ጠፍጣፋው ከምን እንደሚሠራም ብዙ ነግሮኛል። እኔ ግን በዚያ ሰዓት አራተኛ ቢራዬን ይዤ ስለነበር፣ ከትምህርቱ ውስጥ የደረሰኝ «ከፍ» የሚለው ብቻ ነው።

ከዚያማ ሒሳብ ገባሁ። አንድ ጣት ከፍ ሲል ከበረታ፣ ሦስት ጣት ከፍ ቢል ይበርራል። ገበያው አጠገብ አሮጌ ድስት እያቀለጠ አዲስ የሚያወጣ ጎበዝ ነበር፤ የባለቤቴን ሁለት ድስቶች ተሸክሜ ሄድኩና፣ ሦስት ጣት አድርገህ አፍስስልኝ አልኩት። በማን ጣት እንደሆነ አልተነጋገርንም። የሰውዬው ጣት ደግሞ የአሪ ሙዝ ነው። ወጥቶ ሳየው ስፔሰር ሳይሆን የቤት ማዕዘን ድንጋይ መሰለኝ። ለሁለቱ ጉሮሮዎች ሁለት ቀዳዳ መብሳት ስለታከተኝ፣ መካከሉን አንድ ሰፊ ጉድጓድ አድርጌ ተገላገልኩ። የሞተሩ ቡሎኖች አጠሩ፤ የትራክተር ቡሎን ቆርጬ ገጠምኩ። የሞተሩ ክዳን አልዘጋ አለ፤ በገመድ አሰርኩት። ባለቤቴ ወጡን በምን ልሥራ ብላ ስትጠይቀኝ፣ የአገር ጉዳይ ነው አልኳት። በዚያ ዘመን ይህ መልስ ቤት ውስጥም ይሠራ ነበር፤ ለሁለት ቀን።

ጀልባዋን የሚነዳው ቶማስ ነው። የጋሞ ልጅ፣ ጫሞ ሐይቅ ላይ ዓሣ ሲያጠምድ ያደገ፣ ወደ እኛ አገር ሥራ ፍለጋ የመጣ ጴንጤ። ሲጨንቀው ይዘምራል። የጭንቀቱን ልክ ከድምፁ ማወቅ ትችላላችሁ፦ ትንሽ ሲጨንቀው በአፍንጫው፣ ሲብስበት በከንፈሩ፣ ሲጠናበት አፉን ከፍቶ። ከኮልቾ ስንነሣ በአፍንጫው ነበር።

ሞተሩ ተነሣ። ቀስ ሲል ይንተባተባል፤ ነዳጅ ሲሰጡት ግን ያገሣል። ተፈተለክን። ዛፎቹ ወደ ኋላ ሲሮጡ እኔ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ፣ አያችሁ ሦስት ጣት ማለት ምን እንደሆነ፣ እያልኩ እጨፍራለሁ። ወደ ታች እየሄድን መሆኑን፣ የሞላውም ኦሞ ከኋላ እየገፋን መሆኑን ረስቼዋለሁ። ከጎናችን አንድ የማሽላ አገዳ እኩል እየሄደ እንደነበር ቶማስ በኋላ ነግሮኛል፤ አገዳው ስፔሰር አልነበረውም።

ዱስ ፊት ለፊት ስንደርስ፣ እናቶቹ ማዶ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ታዩን። ቶማስ ጀልባዋን ወደዚያ ሊያዞር ፍጥነቱን ቀነሰ። ሞተሩ ሁለት ጊዜ ሳለ። ከዚያ ዝም አለ። ወንዙም ይዞ ወደማንፈልገው ዳር፣ ወደ ዱስ በኩል አስጠጋን። ቶማስ ከአፍንጫ ወደ ከንፈር ተሸጋገረ።

የታሰረውን ክዳን ፈትቼ ጆሮዬን ወደ ካርቡራቶሩ አስጠጋሁ። ቤንዚኑ ውስጡ ይንተከተካል። ሞተሩ ከሥር ሲግል አልሙኒየሙ ሙቀቱን ተቀብሎ ለካርቡራቶሩ ያቀብላል፤ ስንሮጥ የሚገባው አየርና ቤንዚን ያበርደዋል፤ ቀስ ስንል ግን ይፈላል። የባለቤቴ ድስት ቀልጦ እንደገና ቢፈስም የለመደውን ሥራ አልተወም።

እስኪበርድ ጠበቅን። አስነሣን። ሃያ ክንድ ያህል ሄዶ ጠፋ። ቶማስ በእንጨት እየገፋ ወደ ዳር መለሰን። ጠበቅን፤ አስነሣን፤ ጠፋ። በሦስተኛው ወንዙ ጠልፎ ሊወስደን ሲል የዱስ ጎረምሶች ገመድ ወርውረው ጎተቱን። መንደሩ የነበረውን ታንኳ ጎርፉ ከሁለት ቀን በፊት ወስዶታል። ስፔሰሩን ፈትቼ ልጣለው አልኩ፤ የድሮዎቹ አጫጭር ቡሎኖች ለልክ ብዬ ወስጃቸው ጂንካ ሱቄ ውስጥ ቀርተዋል፤ የትራክተሮቹ ቡሎኖች ደግሞ ከሥራቸው ወፍራም ነገር ካልገባ አይጠብቁም። ከፍ ያደረግኩትን ማውረድ አልቻልኩም። ይህ ችግር በሹመት ብቻ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር።

እንግዲህ መቁነጥነጥ ጀመርኩ። ከጀልባዋ ወርጄ አሸዋው ላይ እመላለሳለሁ፤ ፀሐይዋን አያለሁ፤ ማዶ አያለሁ፤ ሣጥኑን አያለሁ። ሸሚዜን አውልቄ ወንዝ ውስጥ ነክሬ ካርቡራቶሩ ላይ ጣልኩት። ወዲያው እንፋሎት ሆነ። ሱሪዬን ጨመርኩ። ቶማስ ሱሪው ይቅርብዎ ቢለኝ፣ የሰው ሕይወት ይበልጣል አልኩት። ይህን የምለው በውስጥ ሱሪ ቆሜ ነው። ከማዶ ሳቅ ተሰማ። ያ ወንዝ ሳቅ ሲያሻግር ያለ ጀልባ ነው፤ ሰው ለማሻገር ነው ሞተር የሚፈልገው።

ከዚያ ዓይኔ ሣጥኑ ላይ ቀረ። አንዲት የበረዶ ቁራጭ፣ አልኩ በልቤ፣ ካርቡራቶሩ አናት ላይ ብትቀመጥ ማዶ ታደርሰናለች። ሲስተር ማርታ ልብ ታነባለች መሰለኝ፣ ሣጥኑን አሸዋ ላይ አስቀመጠችና ላዩ ላይ ቁጭ አለች።

«ጋሼ፣ ይኼን ሣጥን የሚከፍተው እኔን ቀብሮ ነው» አለች ቀስ ብላ።

«እኔ ምን አልኩ?»

«ዓይንዎ ተናግሯል። ጠዋትም እጅዎ ነው የተናገረው፤ ቀዝቃዛ ነው ብሎ።»

ይህን የመሰለ ቃል ከቁጡ ሰው ቢመጣ ይቻላል። ከቁጥብ ሰው ሲመጣ ግን እንደ መርፌ ነው፤ የእሷ ሥራ ደግሞ መርፌ ነው።

ከጠዋት ጀምሮ አንድ ሰው ከዳር ሆኖ ያየናል። ቢዋ ይባላል፤ የካራ ተወላጅ ነው፣ የዱስ ሰው፣ በዕድሜ እኩያዬ። ጸጉሩን በወጉ መሠረት በሸክላ አፈር አስለስኖ አስውቦታል፤ የተቀመጠው በርኮቶው ላይ ነው። በርኮቶ ማለት ወንድ ልጅ ከእጁ የማይለያት፣ ከአንድ እንጨት የተጠረበች ትንሽ በርጩማ ናት። ቀን መቀመጫው፣ ሲተኛ ደግሞ ትራሱ ናት፤ ያ የተለሰነ ጸጉር መሬት ነክቶ እንዳይሰነጠቅ አንገቱን የሚያሳርፈው እሷ ላይ ነው። ባለቤቱ ራሱ ይጠርባታል። ሌላ ሰው አይቀመጥባትም። ቢዋ አማርኛ የተማረው ቱርሚ ገበያ ላይ ነው፤ «አንቱ» የሚባል ነገር አያውቅም፤ ሹምም ሆነ መካኒክ ለእሱ «አንተ» ነው።

«አንተ ቀኑን ሙሉ ታፈላለህ» አለኝ። «መቼ እንበላለን?»

የከበቡን ጎረምሶች ሳቁ። እኔም እንደ ተናደደ ሰው ዞር ብዬ የቤንዚኑ በርሜል ላይ ቁጭ አልኩ። በርሜሉ ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ላይ የዋለ ብረት ነው፤ እኔ ደግሞ ሱሪ አልለበስኩም። ያን ጊዜ ያሰማሁትን ድምፅ ቶማስ እስከ ዛሬ በመዝሙሩ ውስጥ ሊያገኘው አልቻለም። ቢዋ እስኪያለቅስ ሳቀና ተነሥቶ በርኮቶውን በእግሩ ገፋ አደረገልኝ። የወንድ በርኮቶ ለሌላ አይሰጥም፤ እንግዳ ሲቃጠል ግን ሕጉ ትንሽ ይላላል መሰለኝ።

ተቀመጥኩ። ቀዝቃዛ ናት። እሷም ያችው ፀሐይ ላይ ነው የዋለችው፣ ግን ቀዝቃዛ ናት። የእኔ ነገር የሚገባኝ ከላይ ሳይሆን ከታች ነው፤ መቀመጫዬ ከገባው በኋላ ወደ ራሴ ወጣ። እንጨት ሙቀት አያሳልፍም። ወዲያውም ሌላ ነገር ትዝ አለኝና ፊቴን በእጄ ሸፈንኩ። ከሞተሩ ጋር በመጣው የመለዋወጫ ካርቶን ውስጥ አንድ ቡናማ፣ እንደ ተጠቀጠቀ ወረቀት ያለ፣ ጣት የሚያህል ውፍረትና ሁለት ቀዳዳ ያለው ጠፍጣፋ ነገር ነበር። ብረት ስላልሆነ ማሸጊያ መስሎኝ፣ ቤት ወስጄ የሚወላገደው ጠረጴዛ እግር ሥር አስገብቼዋለሁ። ዓመት ሙሉ እራቴን የምበላው ስፔሰሩ ላይ ሆኜ ነው። ፈረንጁም ያን ዕለት ያን ያህል እጁን ያወናጨፈው ይህን ሊነግረኝ ኖሯል፤ ከብረት አትሥራው፣ ቀዳዳውንም አንድ አታድርገው።

ከበርኮቶዋ ላይ ተነሣሁና አገላብጬ አየኋት። መቀመጫዋ ሰፊ ነው፤ ውፍረቷ ሁለት ጣት፤ እንጨቱ ድንጋይ ነው። በአካባቢው ሌላ የደረቀና የተጠረበ እንጨት የለም፤ ያለው የጎርፍ ርጥብ ግንድ ነው።

«ቢዋ፣ ይቺን በርኮቶ...» አልኩና በሁለት እጄ ከፍ አድርጌ አሳየሁት።

«ተቀመጥ፤ ቂጥህ እስኪድን።»

«መቀመጥ አይደለም። ልቆርጣት ነው።»

የሚስቁት ጎረምሶች ወደ ቢዋ ዞሩ። አንድ ሰው በቋንቋቸው የሆነ ነገር አለ፤ ቶማስ አፉን ከፍቶ መዘመር ጀመረ። እኔም ቶሎ ቶሎ፣ እጄን እያወናጨፍኩ፣ ልክ እንደዚያ ፈረንጅ፣ ስለ ሙቀትና ስለ ካርቡራቶር አስረዳሁ። ቢዋ እኔን አልሰማም። ሲስተር ማርታ የተቀመጠችበትን ሣጥን ነበር የሚያየው። ምን አለበት ብሎ ጠየቃት።

«የኩፍኝ መድኃኒት ነው፣ ጋሽ ቢዋ። ያልታመሙት ልጆች እንዳይታመሙ ነው» አለችው።

እስከ መቼ ይቆያል አላት። እሷም እጇን ዘርግታ ፀሐይዋንና ከማዶ ያለውን ተራራ አናት በጣቷ ለካች። አንድ መዳፍ ትንሽ ይተርፈዋል። ቢዋ እሱም እጁን ዘርግቶ በራሱ መዳፍ ለካ፤ ያው ሆነበት።

«ኩፍኝ እኔ አውቃለሁ» አለ። «ከቤቴ ሁለት ልጅ ወስዷል። ማዶ ወዳጅ አለኝ፣ ከብት ተሰጣጥተናል። ልጁ ያቺ ዛፍ ሥር ነው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «አንተ አትቆርጥም። እኔ የሠራሁትን እኔ እቆርጣለሁ።»

መጥረቢያውን አስመጣ። የመጀመሪያዋን ምት ከመምታቱ በፊት በርኮቶዋን አንድ ጊዜ በመዳፉ አሻት። ከዚያ እግሯን በሦስት ምት ለያት። እኔ ያን ጊዜ ወንዙን እያየሁ ነበር፤ በወንዙ በኩል የሚታይ ነገር ኖሮ አይደለም።

ካርቡራቶሩን ፈትቼ አመጣሁ። ሥሩን እንጨቱ ላይ አስቀምጦ በከሰል ዙሪያውን አሰመረ። መካከሉን አንድ ትልቅ ክብ አድርገው፣ ይቀላል አልኩት። ቢዋ ካርቡራቶሩን ገልብጦ ሁለቱን ጉሮሮዎች አየ፤ ከዚያ የእኔን አልሙኒየም አንሥቶ አንዱን ጉድጓድ አየ።

«አፍ ሁለት፣ ጉሮሮ አንድ» አለ። «እንዲህ ያለ ከብት አላየሁም። ለዚህ ነው የሚያስለው።»

ሁለት ቀዳዳ ሆነ። ያች ንግግር የሞተር ትምህርት ናት፤ አንድ ሰፊ ቀዳዳ ለሩጫ ነው፣ ቀስ ብሎ ለመሳብ ግን እያንዳንዱ ጉሮሮ የራሱን መንገድ ይፈልጋል። ሃያ ዓመት መካኒክ ሆኜ ያልገባኝን፣ ከብት አይቶ የሚያውቅ ሰው በአንድ ዓይን አየው።

ቀዳዳው የሚበሳው በጋለ ብረት ነው። ብረቱ እሳት ውስጥ ይገባል፣ ቀይ ይሆናል፣ እንጨቱን ያጨሳል፣ ይቀዘቅዛል፣ እንደገና ይገባል። አንድ ጣት ለመግባት የማያልቅ ዘመን ይፈጃል። እኔ ከአጠገቡ ቆሜ አለቀ ወይ፣ ደረሰ ወይ፣ ትንሽ ጫን በለው፣ አይ ወደ ግራ፣ እላለሁ። ቢዋ ቀና ብሎ ሳያየኝ እሳቱን በአፌ እንድነፋ አዘዘኝ። ነፋሁ። ሥራው አስፈላጊ መስሎኝ ነበር፤ የሚነፋ አፍ እንደማያወራ የገባኝ ዓይኔ በጭስ ካበጠ በኋላ ነው። በየመካከሉ ቀና እልና እጄን ዘርግቼ ፀሐይዋን እለካለሁ። መዳፏ አራት ጣት ሆነች፤ ከዚያ ሦስት። ሲስተር ማርታ ሣጥኑ ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን በላዩ ዘርግታ ጥላ ሠርታለታለች፤ እሷ ራሷ ፀሐይ ላይ ናት።

ሁለቱ ጉሮሮና አራቱ የቡሎን ቀዳዳ አለቁ። አየር እንዳያሾልክ ከላይና ከታች የሚገባውን ስስ ነገር ከመድኃኒቱ ካርቶን ክዳን በምላጭ ቆረጥኩ፤ ጠርዝ ጠርዙን የቶማስን የልብስ ሳሙና ቀባሁት። እንጨቱ ከአልሙኒየሙ ስለሚቀጥን ቡሎኖቹ ረዘሙ፤ የጎደለውን በዳዶ ሞልቼ አጠበቅኩ። ስቸኩል አንዷን ዳዶ ወንዝ ውስጥ ጣልኳት። ሌላ አወጣሁ። እሷንም ጣልኳት። ሦስተኛዋን ቶማስ ከእጄ ቀምቶ ገጠማት።

ተሳፈርን። ቢዋ ሳንጠራው ገብቶ ሣጥኑ አጠገብ ቆመ፤ የሚቀመጥበት የለውማ። ሞተሩ ተነሣ። ቶማስ ነዳጁን ቀነሰ። ሁላችንም ሳሉን ጠበቅን። አልሳለም። ቀስ ብሎ፣ እንደ ጠገበ በሬ፣ ዱክ ዱክ ይላል። ከዳር ወጣን። ሃያ ክንድ አለፈ። የጠፋበት ቦታ አለፈ። ወንዙ መካከል ጎርፉ ሲመታን ጀልባዋ አንድ ጊዜ አጎነበሰች፣ ከዚያ ጎትታ ወጣች። እኔ እጄን እንጨቱ ላይ አድርጌ ነበር። በዚህ ጊዜ ሞተሩ በርግጥ ይሠራ ነበር። የተሻገርንበት ጊዜ አንድ ሲጋራ አያስጨርስም፤ እኔ ግን ከጂንካ አዲስ አበባ ደርሼ የተመለስኩ ያህል ደክሞኛል። ቶማስ መዝሙሩን መቼ እንዳቆመ አላስተዋልኩም።

ሲስተር ማርታ ሣጥኑን ከፈተች። በረዶው የዶሮ እንቁላል አክሏል፤ ትንሽ የዶሮ። እጇን ታጥባ መርፌዋን አዘጋጀች። የመጀመሪያው ልጅ ሲጮኽ የቀሩት ሁሉ አብረው ጮኹ፤ ጩኸት ደስ ብሎኝ የሚያውቀው ያን ቀን ብቻ ነው። ከፀሐይዋ አንድ ጣት ያህል ሲቀር ያልተወጋ ልጅ አልነበረም። ቢዋና ወዳጁ በወዳጁ በርኮቶ ላይ ተራ በተራ እየተቀመጡ ያወራሉ፤ የወዳጁ ልጅ ክንዱን ይዞ ቢዋ ጉያ ውስጥ ያለቅሳል። እኔ ሱሪዬን ለበስኩ። መቀመጫው ላይ የካርቡራቶር ክብ በጥቁር ታትሞበታል፤ አልለቀቀም፤ ብዙ ሰው ማኅተም በወረቀት ይቀበላል፣ እኔ በቦታው ተቀብያለሁ።

ጓድ ኃላፊ በኋላ ነገሩን ሰምተው «በራስ ኃይል የተፈጠረ ስፔሰር» ብለው ሪፖርት አደረጉት፤ የፈጠረውም እኔ ሆንኩ። ለቢዋ እንኳ ስም አልተገኘለትም፤ «ከአካባቢው ሕዝብ ጋር በመተባበር» ተባለ። ስብሰባው ላይ ሲያጨበጭቡልኝ ተነሥቼ እውነቱን ልናገር አሰብኩ። ጆሮዬን አክኬ ተቀመጥኩ።

በተሻገርን ማግስት ጠዋት ግን ዱስ ላይ ቢዋን ሳገኘው አንገቱ ዞሮ ቀርቷል። ቅል ላይ ተንተርሶ ነበር የተኛው፤ ቅሉ ተንከባሎ፣ የጸጉሩ ሸክላ በአንድ ጎን ተሰንጥቋል። አላማረረም። ሊያየኝ ሲፈልግ በሙሉ ገላው ይዞራል፤ ይኸው ነው። ምላጭና ትንባሆ ሰጠሁት፤ ተቀበለ፣ ግን ይኼ ስጦታ ነው፣ ዕዳ አይከፍልም አለ። በሚቀጥለው ጉዞዬ ከጂንካ ጥጥ የተሞላ ትራስ አመጣሁለት፤ ለፍየሎቹ ሰጣቸው፤ ወደዷት። በሦስተኛው አንድ አናጺ ያሠራሁትን ቆንጆ በርኮቶ፣ በቫርኒሽ የሚያብረቀርቅ፣ ይዤ ሄድኩ። አገላብጦ አየና መለሰልኝ።

«ይኼን ሌላ ሰው ሠራው» አለኝ። «የኔን እኔ ሠራሁ፣ እኔ ቆረጥኩ። ያንተን አንተ ሥራ።» ከወንዙ ዳር ርጥብ እንጨት ቆርጦ ሰጠኝ። «ሲደርቅ ጥረብ።»

እንጨቱን ተሸክሜ ጂንካ ገባሁ። የመጀመሪያውን ዓመት አልደረቀም አልኩ፤ እውነት ነበር። ሁለተኛውንም አልኩ፤ ቢዋ በጣቶቹ ሁለት ብሎ ቆጠረልኝ። በሦስተኛው ልጠርብ ጀመርኩና አንድ እግር ሰበርኩ፤ ሌላ እንጨት ሰጠኝ። ሁለተኛው ተሰንጥቆ የወጥ ማማሰያ ሆነ። ሦስተኛው እያነሰ እያነሰ ሄዶ ለሕፃን እንኳ አልበቃ አለ። ብረት ላይ ቢሳሳቱ ይበየዳል፤ እንጨት ግን አንዴ ከቆረጡት አኩራፊ ነው። ቢዋ እስከዚያው አዲስ በርኮቶ ለራሱ ጠርቧል፤ ዕዳዬን ግን አልሰረዘልኝም።

ያ መንግሥት አለፈ፣ ጀልባዋም አለፈች፤ እኔና ቢዋ ሁለታችንም አርጅተናል። ባለፈው ሳምንት ከቱርሚ የመጣ ነጋዴ ደጄን አንኳኩቶ፣ ከዱስ ሰላምታ አለህ አለኝ። ደኅና ነው ወይ አልኩት። ደኅና ነው፣ ብቻ አንድ ነገር ጠይቅልኝ ብሎኛል አለ፦ «እንጨቱ ገና አልደረቀም ወይ?»

ነጋዴው ነገ ይመለሳል፤ መልስ ይፈልጋል። አሁን ጉልበቴ ላይ ያለችው አራተኛዋ ናት። እግሮቿ ቆመዋል፤ ስቀመጥባት ግን ወደ ግራ ታዘነብላለች። ከቀኙ እግር ትንሽ ብጠርብላት ትስተካከላለች። እንዳልኩት ጠረብኩ፤ አሁን ወደ ቀኝ ታዘነብላለች። ለቢዋ አንድ በርኮቶ አለብኝ።